የተራበው እንጨት

ኦክቶበር 27 ቀን 1881 (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሮም የሚታተም አንድ የሕፃናት ጋዜጣ፣ ልጆች ከዕትም ዕትም በጉጉት የሚጠብቁትን ጀግና ሰቅሎ ገደለው። ጀግናው ከእንጨት የተጠረበ ልጅ ነው፤ ፒኖኪዮ ይባላል። ሁለት ወንበዴዎች በሌሊት ያሳድዱታል። አራት የወርቅ ሳንቲሞች አሉት፤ ከምላሱ ሥር ደብቋቸዋል። በቢላ ሊወጉት ቢሞክሩ ቢላው ጠንካራው እንጨት ላይ ተሰበረ። አፉን ሊፈለቅቁት ቢታገሉ አልሆነላቸውም። በመጨረሻ አንገቱን በገመድ አስረው ትልቅ ዛፍ ላይ ሰቀሉትና እስኪሞት ድረስ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ሞቱ ሲዘገይባቸው ነገ እንመለሳለን ብለው ሄዱ። ነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲያላጋው አደረ፤ አባቱን እየተጣራም ሞተ። ደራሲው ካርሎ ኮሎዲ ታሪኩን በዚሁ ዘጋው።

ይህን መጨረሻ ዛሬ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ዓለም የሚያውቀው ፒኖኪዮ ሲዋሽ አፍንጫው የሚረዝመውን ልጅ ነው። ዋሽንግተን ፖስት የፖለቲከኞችን ንግግር ይመረምርበት በነበረው አምዱ የውሸቱን ክብደት ይለካ የነበረው በፒኖኪዮ ነው፤ ቀላሉ ውሸት 1 ፒኖኪዮ፣ ዓይን ያወጣው ደግሞ 4 ይሰጠው ነበር። የካርቱን ሠዓሊ አንድን ባለሥልጣን ውሸታም ለማለት ሲፈልግ ከአፍንጫው በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

መጽሐፉን ባነበብኩት ቁጥር እየገዘፈ የሚመጣብኝ ግን ረሃቡ ነው። ፒኖኪዮ ከሁሉ አስቀድሞ የድሃ ቤት ልጅ ነው። የሚሠራው ጥፋት፣ የሚወድቅበት ወጥመድ፣ ሌላው ቀርቶ ሰው የሚሆንበት መንገድ ሁሉ የሚመነጨው ከባዶ ሆዱ ነው። ከኮሎዲ በኋላ ልጁን ወደ ፊልም፣ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ሌላ መጽሐፍ ያሻገሩ ሁሉ በመጀመሪያ መወሰን የነበረባቸው ይህን ረሃብ ምን እናድርገው የሚለውን ነው። አብዛኞቹ ሠውረውታል። አንዳንዶቹ ለውጠውታል። ጥቂቶቹ ብቻ ፊት ለፊት አይተውታል።

ኮሎዲ የብዕር ስሙ ነው፤ የቤተሰቡ ስም ሎሬንዚኒ ሲሆን፣ ኮሎዲ በቶስካና የምትገኝ የእናቱ መንደር ናት። የተወለደው በ1826 ፍሎረንስ ውስጥ ነው። አባቱ ጂኖሪ በሚባል የመሳፍንት ቤት ወጥ ቤት ነበር፤ እናቱም እዚያው ታገለግል ነበር። የበኩር ልጅ ሆኖ ከእርሱ በኋላ ከተወለዱት እህትና ወንድሞቹ ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ሲሞቱ አይቷል። ለሌላ ሰው ማዕድ ከሚያሰናዳ ቤተሰብ ወጥቶ ስለ ተራበ ልጅ መጻፉ እንዲሁ የተገጣጠመ ነገር አይመስለኝም። በ1848ና በ1859 ለጣሊያን ነጻነትና አንድነት በፈቃዱ ዘምቷል። «ኢል ላምፒዮኔ» የተሰኘ የስላቅ ጋዜጣ አቋቁሞ በመንግሥት ተዘግቶበታል። ጣሊያን በ1861 አንድ አገር ስትሆን የታገለለት ነገር እጁ የገባ መስሎት ነበር። ነገር ግን አዲሲቱ አገር ከ10 ሰው 7 ያህሉ ማንበብና መጻፍ የማይችልባት፣ ገበሬው በግብርና በዕዳ የሚማቅቅባት አገር ሆነች። በ1877 የወጣው የኮፒኖ ሕግ ከ6 እስከ 9 ዓመት ያሉ ሕፃናት ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ አዘዘ። ሕጉ ያላሰበው ጫማ የሌለው ልጅ በምን እግሩ እንደሚሄድ፣ ደብተሩንም ማን እንደሚገዛለት ነው።

ፒኖኪዮ የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው። ኮሎዲ ታሪኩን ሲጀምር ሃምሳ አምስት ዓመቱ ገደማ ነበር። በ1875 የፈረንሳይ ተረቶችን ወደ ጣሊያንኛ መልሷል፤ ለተማሪዎች የሚሆኑ መጻሕፍትም ጽፏል። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ለጋዜጣው ሰዎች ሲልክ የያዛት ማስታወሻ ዝነኛ ናት፤ የልጆች ጨዋታ ነውና እንደፈለጋችሁ አድርጉት፣ የምታትሙት ከሆነ ግን ለመቀጠል እንድጓጓ በደንብ ክፈሉኝ የሚል መንፈስ ያላት ናት። ለገንዘብ የተጀመረ ሥራ ነው። ይህ ክብሩን አይቀንሰውም፤ ገንዘብ ያስፈለገው ሰው ስለ ገንዘብ ማጣት ሲጽፍ እጁ አይሳሳትም።

የጄፔቶን ቤት እንመልከት። ምድር ቤት ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ብርሃን የሚገባት ከደረጃ ሥር ነው። ያሏት ዕቃዎች አንድ የተሰባበረ ወንበር፣ አንድ የማይመች አልጋና አንድ ያረጀ ጠረጴዛ ናቸው። ከግድግዳው ሥር እሳት የሚነድ ይመስላል፤ እሳቱ ግን ሥዕል ነው። ከእሳቱ አጠገብ እንፋሎቷ የሚትጎለጎል ድስት አለች፤ እርሷም ሥዕል ናት። ኮሎዲ ይህን የሚናገረው አባትና ልጅ ገና ሳይተዋወቁ ነው። ቆየት ብሎ ፒኖኪዮ ብቻውን ቤት ሲቀርና ሆዱን ሲሞረሙረው ምን ይፈላ ይሆን ብሎ ወደ ድስቷ ይሮጣል፤ ክዳኗን ሊያነሣ እጁን ሲሰድ የሚነካው ግድግዳ ነው። ከዚያ መሳቢያ ይበረብራል፤ ቁራሽ ዳቦ፣ የቆረፈደ ቅርፊት፣ ውሻ የተወው አጥንት፣ ምንም ይሁን ምን የሚላስ የሚቀመስ ይፈልጋል። ከጥራጊው መሐል አንድ እንቁላል ያገኛል። ሲሰብረው ጫጩት ትወጣና እጅ ነሥታ በመስኮት ትበራለች። በነፋስና በመብረቅ ወጥቶ አንድ ደጃፍ ቢያንኳኳ ሽማግሌው ከላይ የውኃ ጀበና ያፈሱበታል። እርጥብ እግሩን ሊያደርቅ ምድጃ ላይ ሰቅሎ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ሲነቃ ሁለቱም እግሮቹ ነድደው አመድ ሆነዋል።

ጄፔቶ ወደ ቤት ሲመለስ ለቁርሱ የያዛቸውን ሦስት ፍሬዎች ለልጁ ይሰጠዋል። ፒር ነው ፍሬው። ልጁ ካልተላጠልኝ አልበላም ይላል። አባትየው በዚህ ዓለም ምን እንደሚመጣ አይታወቅምና ከልጅነት ሁሉን መልመድ ይበጃል እያለ ልጦለት ልጣጩን ጠረጴዛው ጥግ ላይ ያስቀምጣል። ፒኖኪዮ እምብርቱን ሊወረውር ሲል ጄፔቶ እጁን ይይዘዋል። ሦስቱም ፒሮች አልቀው ልጁ አሁንም ራበኝ ሲል የቀረው ልጣጭና እምብርት ብቻ ነው። ፊቱን እያኮማተረ ይቀምሳል፤ ከዚያ ግን አንድ በአንድ ጠርጎ ይበላዋል። በልጆች ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ፍቅርና እጦት እንዲህ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ያየሁት እምብዛም ነው። አባትየው ስለ ራሱ ቁርስ አንዲት ቃል አይተነፍስም።

ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባትም ጄፔቶ ካለው ከባዶው ያለብሰዋል፤ ከአበባማ ወረቀት ልብስ፣ ከዛፍ ልጥ ጫማ፣ ከዳቦ ፍርፋሪ ደግሞ ቆብ ይሠራለታል። የፊደል መጽሐፍ መግዣ ሲያጣ በክረምት ካፖርቱን ሸጦ ይገዛለታል። ለምን ሸጥከው ሲባል መልሱ ሞቆኝ የሚል ነው። ፒኖኪዮ ይህንኑ መጽሐፍ በማግስቱ የአሻንጉሊት ቲያትር ለማየት በአራት ሳንቲም ይሸጠዋል። አንባቢ ልጅ እዚህ ላይ የሚያዝነው ሥነ ምግባር ስለ ተሰበከለት አይደለም። ካፖርቱን ስላየ ነው።

አፍንጫውስ? አፍንጫው መጀመሪያ የረዘመው ጄፔቶ እየጠረበው ሳለ ነው፤ ገና አንድም ውሸት ሳይናገር። ከዚያ ባዶዋን ድስት ባገኘባት ሌሊት በድንጋጤ ይረዝማል። በውሸት የሚረዝመው በምትሃተኛዋ ባለ ሰማያዊ ፀጉር እመቤት ፊት ስለ ወርቁ ሲቀጥፍ ነው፤ ከክፍሉ በር አልወጣ እስኪለው ድረስ ያድግና ግንደ ቆርቁሮች መጥተው ጠርበው ያሳጥሩለታል። ሌላ ቦታ ግን ፒኖኪዮ ይዋሻል፣ አፍንጫውም ባለበት ይቆያል። ኮሎዲ ለአፍንጫው ሕግ አላወጣለትም። ሕጉን ያወጡለት ተከታዮቹ ናቸው፤ ምክንያቱም የሚዋሽን ልጅ ማስፈራራት የተራበን ልጅ ከማብላት ይቀላል።

የአዋቂዎቹ ዓለምም በመጽሐፉ ውስጥ አይማርም። ቀበሮና ድመት ወርቁን ዘርፈውት ለዳኛ ሲያመለክት፣ ዳኛው ሽማግሌ ጎሪላ ነው፣ በርኅራኄ ካዳመጠው በኋላ ተዘርፈሃልና ግባ ብሎ እስር ቤት ይከተዋል። ከአራት ወር በኋላ የአገሩ ንጉሥ በድሉ ደስታ እስረኞችን ሲፈታ ዘበኛው አንተን አይመለከትህም ይለዋል፤ ምሕረቱ ለወንጀለኞች ነውና። ፒኖኪዮ እኔም ወንጀለኛ ነኝ ብሎ ይወጣል። እነሆ አንድ ውሸት፣ አፍንጫውም አልተነቃነቀም። የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው ይህን የጻፈው።

ወደ ተሰቀለው ልጅ ልመለስ። ጋዜጣው፣ ታሪኩ ይቀጥል በሚሉ ልጆች ደብዳቤ ተጨናነቀ፤ አዘጋጆቹም ደራሲውን ወጥረው ያዙት። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1882 ባለ ሰማያዊ ፀጉሯ እመቤት ፒኖኪዮን ከዛፉ አስወረደችው። ታሪኩ ጃንዋሪ 25 ቀን 1883 በ36ኛው ምዕራፍ አለቀና በዚያው ዓመት ፍሎረንስ ውስጥ በኤንሪኮ ማዛንቲ ሥዕሎች ታጅቦ በመጽሐፍ ወጣ። ኮሎዲ በ1890 ሲሞት መጽሐፉ ምን ያህል እንደሚሄድ አላየም።

ጋዜጣውን የመሠረተው ሰው ግን በእኛ አካባቢ ታሪክ ውስጥ በሌላ ምዕራፍ ይገኛል። ፈርዲናንዶ ማርቲኒ ይባላል። ጸሐፊና የምክር ቤት አባል ነበር፤ ኮሎዲን ጻፍልን ያለው እርሱና ባልደረቦቹ ናቸው። በ1891 ስለ አፍሪካ ባሳተመው መጽሐፍ የኤርትራን ነባር ሕዝብ ቀስ በቀስ በጣሊያናውያን መተካት እንደሚገባ ያለ ሐፍረት ጻፈ። ከዓድዋ ድል ማግስት፣ በ1897፣ የኤርትራ የመጀመሪያው ሲቪል አስተዳዳሪ ሆኖ ተሾመና እስከ 1907 ቆየ፤ የቅኝ ግዛቷን ዋና ከተማ ከምጽዋ ወደ አስመራ ያዛወረው እርሱ ነው። የተሰቀለው የድሃ ልጅ እንዲነሣ የፈቀደው ዋና አዘጋጅና ይህ ገዥ አንድ ሰው መሆናቸውን ሳውቅ መጽሐፉን ለማንበብ የሚያስችል ሌላ በር ተከፈተልኝ። የጣሊያን ድህነት ወጣቶቿን ወደ ውጭ ይገፋ ነበር፤ መሪዎቿም መፍትሔው የሌላ ሰው መሬት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ፒኖኪዮ ራሱ ወደዚያ መንገድ የሚጎተትበት ጊዜ ሩቅ አልነበረም።

ሙሶሊኒ ሥልጣን በያዘ በዓመቱ፣ በ1923፣ ጁዜፔ ፔትራይ የተባለ ጸሐፊ ፒኖኪዮን ፋሺስት አድርጎ በቅጣት ዘመቻ የሚያሰማራ መጽሐፍ አወጣ። በ1927 ሌላ ደራሲ ባሊላ በሚባለው የፋሺስት የልጆች ድርጅት ውስጥ አስገብቶ አደብ አስገዛው። በ1939 ደግሞ «ፒኖኪዮ የንጉሡ አስተማሪ» የሚል ርእስ ያለው መጽሐፍ ታተመ፤ ንጉሡ የእኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በዚያን ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዟ ባዝ ከተማ በስደት ላይ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ከተያዘች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ አርበኞች በየጫካው እየተዋጉ ነበር። ጣሊያናዊ ሕፃን በመኝታ ሰዓቱ ስለዚህ ጦርነት የሚያነበው የተወደደውን የእንጨት ልጅ አስተማሪ፣ የኢትዮጵያን ንጉሥ ተማሪ ባደረገ መጽሐፍ ነበር። በ1944፣ አገዛዙ ሊወድቅ ሲል፣ ሌላ የፕሮፓጋንዳ ፒኖኪዮ ወጥቷል።

ይህን ሳስብ የሚያስቆጣኝ ከሁሉ በላይ ምርጫው ነው። ኮሎዲ የፈጠረው ልጅ ትእዛዝ የማይሰማ፣ ከሰልፍ የሚያፈነግጥ፣ ፖሊስ ሲያይ የሚሮጥ ልጅ ነው። ፋሺስቶቹ እንዲህ ያለውን ልጅ ደንብ ልብስ አለበሱት። ሊወስዱት የቻሉበት ምክንያት ግን እዚያው መጽሐፉ ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ፤ ባለጌው ልጅ በመጨረሻ ይታረማልና። የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ ነጥሎ ለያዘ ሰው ፒኖኪዮ የመታዘዝ ታሪክ ሊመስለው ይችላል።

የመጨረሻው ምዕራፍ የሚለው ግን ሌላ ነው። ፒኖኪዮ አባቱን ከግዙፉ ሻርክ ሆድ ካወጣው በኋላ ጄፔቶ ታሞ ይተኛል። ልጁ ለአንድ ብርጭቆ ወተት መቶ ባልዲ ውኃ ከጉድጓድ ይቀዳል። ከዚያ በፊት ያን ሥራ የሚሠራው አህያ ነበር፤ ጋጣው ውስጥ ሲያጣጥር ያገኘው ያ አህያ ሉቺኞሎ ነው፣ ወደ ጨዋታ አገር አብሮት የሄደውና እንደ እርሱ አህያ የሆነው ጓደኛው። ዓይኑ እያየ ይሞታል። ፒኖኪዮ ለወራት ውኃ ይቀዳል፣ ቅርጫት ይሠራል፣ ሌሊት ንባብና ጽሕፈት ይለማመዳል። ለአዲስ ልብስ ያጠራቀመውን 40 ሳንቲም ታማለች ለተባለችው እመቤት ይልካል። ሰው የሆነው በዚህ ሁሉ ማግስት ነው። ዋጋው ላብ ነው። ሲነቃም አሮጌው የእንጨት አካሉ ወንበር ላይ ተደግፎ፣ አንገቱ ዘምሞ፣ እጆቹ ተንጠልጥለው ያየዋል።

አሁን ወደ ዋልት ዲዝኒ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1940 በኒው ዮርክ የታየው የካርቱን ፊልም ከዓለም ሕዝብ የሚበዛው የሚያውቀው ፒኖኪዮ ነው። ሥራው ሲጀመር ሠዓሊዎቹ ልጁን እንደ መጽሐፉ አድርገው ሣሉት፤ ግትር፣ ሹል፣ እንጨትነቱ የጎላ። ዲዝኒ አልወደደውም፤ ማንም አይወደውም ብሎ ወራት የፈጀውን ሥራ አስቆመ። ሚልት ካል የተባለ ወጣት ሠዓሊ አዲስ ሐሳብ አመጣ፤ እውነተኛ፣ ክብ ፊት ያለው ደስ የሚል ሕፃን ሣለና ከዚያ በኋላ መገጣጠሚያዎቹን እንጨት አደረጋቸው። ነጭ ጓንት፣ ላባ ያለው ቆብ፣ ትልቅ ዓይን ጨመረለት። በዚህች ውሳኔ የዳቦው ፍርፋሪ ቆብ ተረሳ።

በመጽሐፉ አራተኛ ምዕራፍ ፒኖኪዮ በመዶሻ የሚገድለው ተናጋሪ ፌንጣ በፊልሙ ጂሚኒ የሚባል ኮትና ባርኔጣ ያለው የልጁ ኅሊና ሆነ፤ ድምፁን የሰጠው ክሊፍ ኤድዋርድስ የዘፈነው መዝሙር ኦስካር አገኘ፤ ሙዚቃው ሌላ አንድ ተጨማሪ ኦስካር ወስዷል። የጄፔቶ ቤት በሰዓትና በመጫወቻ የተሞላ፣ ምድጃው እውነተኛ እሳት የሚነድበት፣ ድመቷና ዓሣዋ እንኳ የጠገቡበት ቤት ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ ለአስተማሪው የሚሆን ፖም ይዟል። ሦስቱን ፒሮች ያነበበ ሰው ይህቺን ፖም ሲያይ ምን እንደ ጠፋ ወዲያው ይገባዋል። እጦት ሲወጣ የቀረው ፈተና የጠባይ ፈተና ብቻ ነው፤ ደፋር፣ እውነተኛና ለሌላ የሚያስብ ከሆነ ልጅ ይሆናል።

ይህን ስል ፊልሙን ለማሳነስ አይደለም። የሥዕሉ ጥራት፣ የውኃው እንቅስቃሴ፣ ሕፃናቱ አህያ የሚሆኑበት ክፍል እስከ ዛሬ የሚያስደነግጥ ነው፤ በፊልሙ ሉቺኞሎን የተካው ላምፕዊክ እናቱን እየተጣራ እጁ ሰኮና ሲሆን ጥላው ግድግዳ ላይ የሚታይበትን ቅጽበት ያየ ልጅ አይረሳውም። ግን ፊልሙ ሕፃናቱ አህያ ከሆኑባት ደሴት ወጥቶ ሲሄድ ሌሎቹን ሕፃናት እዚያው ትቷቸው ነው። አንዳቸውም አይመለሱም፣ ማንም አይጠይቅላቸውም። ኮሎዲ ቢያንስ ሉቺኞሎን ጋጣ ድረስ ሄዶ አይቶታል። ፊልሙ በወጣበት ዘመን ጦርነት የአውሮፓን ገበያ ስለ ዘጋው መጀመሪያ ላይ ወጪውን አልመለሰም፤ ስሙን ያተረፈው በኋላ ደጋግሞ ሲታይ ነው።

በሶቪየት ኅብረት ግን ሌላ ሰው እሳትና ድስት ስለተሣለበት ስለዚያው ግድግዳ ሲያስብ ነበር። አሌክሴይ ቶልስቶይ በ1936 ቡራቲኖ የሚባል የራሱን የእንጨት ልጅ ይዞ መጣ። የቡራቲኖ አፍንጫ ረጅም ነው፤ በውሸት አይረዝምም። ሰው መሆንም አያምረውም፤ እስከ መጨረሻው እንጨት ነው። አባቱ ካርሎ እንደ ጄፔቶ መናጢ ድሃ ነው፤ የእጅ ኦርጋን እየዘወረ በየጎዳናው የዕለት ጉርሱን ሲፈልግ የኖረ። በጓዳው ግድግዳ ላይም እሳትና ድስት የተሣለበት አሮጌ ሸራ ተሰቅሏል። ቡራቲኖ ተርቦ አፍንጫውን ድስቷ ውስጥ ሲከት ሸራው ይበሳል፤ ከጀርባው በር አለ። ቡራቲኖ እጅ የሚገባው የወርቅ ቁልፍ የሚከፍተው ይህንን በር ነው፤ ከበሩ ማዶም አሻንጉሊቶቹ ያለ ጨካኙ ጌታቸው፣ ያለ ካራባስ ባራባስ፣ የሚሠሩበት የራሳቸው ቲያትር ይጠብቃቸዋል። ቶልስቶይ ከኮሎዲ አንዲት ሥዕል ወስዶ የድሃው ሐሰተኛ ምድጃ ከኋላው ሌላ ሕይወት ደብቋል አለ። ሶቪየታዊ ተስፋ ነው፤ በ1936ቷ ሞስኮ የነበረው እውነት ከዚህ ተስፋ እጅግ የራቀ ነበር። ቢሆንም ከማስተካከያዎቹ ሁሉ የመጽሐፉን ልብ በትክክል ያገኘው ይህ ነው እላለሁ። የ1975ቱ የቴሌቪዥን ፊልም ቡራቲኖን በሶቪየት ቤቶች ሁሉ አስገባው፤ በስሙ የሚጠራ ለስላሳ መጠጥም ነበር።

ጃፓን ውስጥ ኦሳሙ ቴዙካ በ1952 ማውጣት የጀመረው አስትሮ ቦይ የብረት ፒኖኪዮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልጁ በመኪና አደጋ የሞተበት ሳይንቲስት በምትኩ ሮቦት ይሠራል፤ ሮቦቱ እንደ ልጅ አለማደጉን ሲያይ ለሰርከስ ይሸጠዋል። ስቲቨን ስፒልበርግ ከስታንሊ ኩብሪክ ተቀብሎ በ2001 ያወጣው «ኤ.አይ.» ደግሞ እናቱ ጫካ ጥላው የሄደች ሮቦት ልጅ ሰው ታደርገኝ ዘንድ ሰማያዊዋን እመቤት እየፈለገ ሲንከራተት ያሳያል። ሁለቱም ሆድ የሌላቸው ፒኖኪዮዎች ናቸው፤ የሚርባቸው ወላጅ ነው። በየዘመናቸው ለነበሩ ልጆች ይህም እውነተኛ ረሃብ ነበር።

ጣሊያናውያን ራሳቸው ልጁን ደጋግመው ወደ ቤቱ መልሰውታል። ሉዊጂ ኮሜንቺኒ በ1972 ለጣሊያን ቴሌቪዥን የሠራው ተከታታይ ፊልም ኒኖ ማንፍሬዲን ጄፔቶ፣ ጂና ሎሎብሪጂዳን ደግሞ ባለ ሰማያዊ ፀጉሯ እመቤት አድርጎ በብርድ የሚንቀጠቀጥ መንደር አሳየ። በዚያ ፊልም ልጁ ገና ከመጀመሪያው ሥጋ ለባሽ ይሆናል፤ እንጨት የሚሆነው ሲቀጣ ነው። ሮቤርቶ ቤኒኚ በ2002 በሃምሳ ዓመቱ አካባቢ ልጁን ራሱ ሆኖ ተጫወተ፤ አልተሳካለትም።

ጊየርሞ ዴል ቶሮ በ2022 ያወጣው ስቶፕ ሞሽን፣ ማለትም አሻንጉሊቶችን ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሱ ፎቶ በፎቶ የተሠራ ፊልም፣ ከላይ ላነሣሁት የፋሺስት ፒኖኪዮ የተሰጠ መልስ ነው ብዬ አነበዋለሁ። ታሪኩን ሙሶሊኒ በነገሠባት ጣሊያን ላይ ተከለው። የዚህ ፊልም ጄፔቶ ካርሎ የሚባል ልጁን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ያጣ አባት ነው፤ ፒኖኪዮን የሚጠርበው ሰክሮና አልቅሶ ነው፤ ስለዚህም ልጁ ሻካራ፣ ያልተላገ፣ አንድ ጆሮ ብቻ ያለው ሆኖ ወጣ። የመንደሩ ፋሺስት ሹም ይህን ሊሞት የማይችል ልጅ ሲያይ የሚታየው ፍጹም ወታደር ነው። ፒኖኪዮ ግን በሙሶሊኒ ፊት መድረክ ላይ ወጥቶ ያላግጥበታል። በ1923 ደንብ ልብስ የለበሰው እንጨት ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ልብሱን አውልቆ ጣለ። በዚህ ፊልም አለመታዘዝ ጥፋት አይደለም፤ ልጁም ለመወደድ መለወጥ አያስፈልገውም። በ2023 የአኒሜሽን ኦስካርን አገኘ፤ ይገባው ነበር። በዚያው በ2022 ሮበርት ዜሜኪስ ቶም ሃንክስን ይዞ ለዲዝኒ የሠራው ሌላ ፒኖኪዮ ወጥቶ ነበር፤ የ1940ውን ከማስታወስ ያለፈ አልጨመረም።

ለረሃቡ ግን ከሁሉም ይበልጥ የታመነው ማቴዮ ጋሮኔ ነው። በ2019 በወጣው ፊልሙ ጄፔቶ የሆነው ያው ቤኒኚ ነው፤ ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ልጁን ሲጫወት ያልተሳካለት ሰው እንደ አባት ግን ልብ ይሰብራል። በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ጄፔቶ የመንደሩ ምግብ ቤት ይገባል። ለልመና አይደለም የመጣው፤ አናጢ ነው፣ ክብር አለው። የበሩን ማጠፊያ ያያል፣ ጠረጴዛውን ይነቀንቃል፣ ወንበሩ እግሩ ሊሰበር ነው ይላል፤ ላስተካክልልህ፣ ከአሁን ከአሁን ይወድቃል ይላል። ባለቤቱ ዕቃው ሁሉ ደህና መሆኑን ያውቃል። የመጣበትንም ያውቃል። ምግብ ያቀርብለታል፤ ጄፔቶ ተቀምጦ ይበላል። ይህ ትዕይንት በኮሎዲ መጽሐፍ የለም። ግን ድስቷን ግድግዳ ላይ የሣለው ሰው ማን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚነግረን የለም። መጽሐፉን ለማንበብ ጊዜ ያጣ ሰው ቢጠይቀኝ የምጠቁመው ይህንን ፊልም ነው፤ ከትንንሽ ልጆች ጋር የሚያየው ከሆነ ግን ሕፃናቱ አህያ ሆነው የሚሸጡበት ክፍል ሲደርስ አጠገባቸው ይቀመጥ።